ኮንትሮለሩ የሞተ ሲኤንሲ ማሽን አይጣልም፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የቀየርኩበት ልምድ

ሰላም ናችሁ። ይሄን የምጽፈው ትንሽዬ ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚቀርጽ ማሽን) ኖሮት፣ ሞተሩም ዘንጉም ብረቱም ደህና ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ወይ ኮንትሮለሩ (ሞተሮቹን የሚያዘው ክፍል) ስለሞተ ብቻ ማሽኑን ሸራ አልብሶ ላቆመ ሰው ነው። እዚሁ ማርቆስም ባህር ዳርም እንደዚህ የቆሙ ማሽኖች አይቻለሁ፣ ባለቤቶቹ "በቃ ሞቷል" ብለው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሊሸጡት ያስባሉ። እባካችሁ አትሽጡ። የሞተው አንድ ክፍሉ ነው፣ እሱም ከሁሉም ርካሹ ነው። ከባዱ ነገር አዲሱ ካርድ ከድሮው ማሽን ጋር እንዲግባባ ማድረግና መብራት ሲሄድ ሲመጣ አደጋ እንዳያደርስ ማሰር ነው፣ ዋናው ጊዜዬም ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

የኔ ማሽን 6040 የሚባለው የቻይና ነው፣ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚቀርጽ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። ዋንዛ ላይ የአልጋ ራስጌ አበባ፣ የበር ቅርጽ፣ የሱቅ ስም ምናምን እሠራበታለሁ። የራሱ ስፒንድል (ቢት የሚባለውን መቁረጫ የሚያሽከረክረው ሞተር) ቀድሞ ስለተቃጠለ በሱ ቦታ የእጅ ራውተር፣ አናጢ የሚጠቀምበትን የእንጨት መቅረጫ፣ አስሬበታለሁ። የሚነዳው በአሮጌ ዴስክቶፕ ነበር፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ማክ 3 የሚባለው ፕሮግራም፣ ከኋላ ባለ 25 ፒን ፓራለል ኬብል። እንደዚህ ሆኖ ዓመታት ሠርቷል። ከዛ ታኅሣሥ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ መጣ፣ ዴስክቶፑ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ማዘርቦርዱ አለቀለት። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው አይደል፣ ቀብድ የተቀበልኩበት የአልጋ ራስጌ ነበረኝ፣ ልጃቸውን የሚድሩት አባት ሱቁ በር ላይ ቆመው "ልጄ፣ እንዴት ሆነልን?" ሲሉኝ የምመልሰው ነበር የሚጠፋኝ።

መጀመሪያ የተነገረኝ መፍትሔ ዩኤስቢን ወደ ፓራለል የሚቀይር ኬብል ነው። ሻጩ "ላፕቶፕህ ላይ ሰክተህ ትቀጥላለህ" አለኝ፣ ገዛሁ፣ አልሠራም። ይሄን እወቁት፣ ያ ኬብል የተሠራው ለፕሪንተር ነው። ማክ 3 ፓራለል ፖርቱን በቀጥታ ነው የሚነካው፣ በሰከንድ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ምት (ሞተሩን የሚያራምድ አጭር የኤሌክትሪክ ሲግናል) በትክክለኛ ሰዓቱ መላክ አለበት፣ በዩኤስቢ ኬብል በኩል ያ አይሆንም። በዛ ላይ የማክ 3 የፓራለል ድራይቨር ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጭራሽ አይሠራም፣ የዛሬ ላፕቶፖች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ባለ 64 ቢት ናቸው። ስለዚህ ማንም ሰው ይሄን ኬብል ቢያቀርብላችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።

የቀሩት አማራጮች እነዚህ ነበሩ። ሌላ ፓራለል ፖርት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር መፈለግ አንዱ ነው፣ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ሊነክስ ሲኤንሲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ብትጭኑበት ደግሞ በጣም ጎበዝ ፕሮግራም ነው፣ ግን እድሜው የገፋ ኮምፒውተር በሌላ እድሜው በገፋ መተካት ስለሆነ ነገ ያው ጣጣ ይመለሳል። ሁለተኛው ራሱ ስክሪንና ቁልፍ ያለው፣ ፋይሉን በፍላሽ የሚያነብ ኮንትሮለር ነው፣ እሱ አሪፍ ነው፣ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ሦስተኛው ለማክ 3 የሚሆን የዩኤስቢ ሞሽን ካርድ ነው፣ ይሄም ይሠራል፣ ኦሪጅናሉን ከተመሳሳዩ መለየት ግን እኛ አገር ከባድ ነው። እኔ የመረጥኩት ጂአርቢኤልን ነው። ጂአርቢኤል አርዱይኖ ኡኖ በሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ላይ የሚጫን ነፃ ፕሮግራም ነው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲመን ስቫለ ስኮግስሩድ የሚባል ኖርዌያዊ የጀመረው፣ ላፕቶፑ በዩኤስቢ ትዕዛዙን ሲልክለት የምቱን ሰዓት የሚጠብቀው ራሱ አርዱይኖው ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ቢሆን ግድ የለውም። አርዱይኖ ደግሞ አዲስ አበባ ይገኛል፣ ጓደኛዬ መርካቶ ገዝቶ ዓባይ በረሃን በሚያቋርጠው አውቶብስ ሹፌር እጅ ላከልኝ፣ በማግስቱ እጄ ገባ።

ካርዱ እጄ እንደገባ ወዲያው የማሽኑን ኤሌክትሮኒክስ የያዘውን ሳጥን ፈትቼ ልጀምር ነበር። ያስቆሙኝ እዚህ ሰፈር ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ጋሼ ናቸው፣ ቴስተር ልዋሳቸው ሄጄ ምን ልሠራ እንደሆነ ሲሰሙ "አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ለካ፣ ከዛ ንካ። የድሮው የሚያውቀውን ነገር ሳትጽፍ የድሮውን አትጣል" አሉኝ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ምክር ይሄ ነው። የሞተው ዴስክቶፕ ስለ ማሽኔ የሚያውቀው ብዙ ነገር ነበር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ለመሄድ ስንት ምት እንደሚላክ፣ የቱ ፒን የቱን ሞተር እንደሚነዳ፣ የቱ አቅጣጫ እንደተገለበጠ፣ ፍጥነቱ እስከ ስንት እንደሚችል። እኔ አንዱንም በቃሌ አላውቀውም ነበር።

መፍትሔው ሃርድ ዲስኩ ነው። ማዘርቦርዱ ሞተ እንጂ ሃርድ ዲስኩ አልሞተም። አወጣሁት፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የሃርድ ዲስክ ሳጥን ተዋስኩ፣ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት፣ ማክ 3 የሚለው ፎልደር ውስጥ መጨረሻው ኤክስኤምኤል የሚል ፋይል አለ፣ በተራ ኖትፓድ ይከፈታል፣ የማሽኑ ሰቲንግ በሙሉ እዛ ውስጥ ተጽፏል። የናንተ ኮምፒውተር ገና በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ይሄን ጽሑፍ ሳትጨርሱ፣ ያንን ፎልደር ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ የሞተር ሰቲንግና የፒን ሰቲንግ ገጾቹንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ያገኛችሁትን ቁጥር ደግሞ በሒሳብ አረጋግጡት። የስቴፐር ሞተር አንድ ስቴፕ አብዛኛውን ጊዜ 1.8 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሙሉ ዙር 200 ስቴፕ ይሆናል። ድራይቨሩ (ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ምቱን ተቀብሎ ሞተሩን የሚነዳው ቦርድ) ላይ ባሉት ትናንሽ ስዊቾች ማይክሮስቴፑ (አንዱ ስቴፕ ስንት ቦታ እንደሚከፈል) 8 ላይ ከሆነ 1600 ይሆናል። ዘንጉ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 1600 ለ5 ሲካፈል 320 ነው። የኔ ፋይል ላይም 320 ነው የሚለው፣ ሲገጥም ደስ አለኝ። ካልገጠመላችሁ ወይ ዘንጉ ባለ 4 ሚሊ ነው ወይ ስዊቾቹን በደንብ አላያችሁም፣ እንደገና እዩ። ማይክሮስቴፑን ደግሞ "ብዙ ሲሆን ይለሰልሳል" ብላችሁ እስከ ጥግ አታድርጉት፣ ኡኖ ላይ ያለው ጂአርቢኤል በሰከንድ 30,000 ምት አካባቢ ነው ጣሪያው፣ በ320 ብትሄዱ በደቂቃ ከ5 ሜትር በላይ ይፈቅድላችኋል፣ ይሄ ለእንጨት ከበቂ በላይ ነው፣ ቁጥሩን ባበዛችሁት ልክ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል።

ከዛ ሳጥኑ። እዚህ ጋር ብዙ ሰው ሁሉንም ነገር ይነቅላል፣ ድራይቨሩን ሳይቀር። ድራይቨሮቹ ደህና ከሆኑ አትንኳቸው። እኔ ያደረኩት ባለ 25 ፒን ሶኬት ባለ ተርሚናል ገዝቼ፣ ከሳጥኑ ኋላ የድሮው ፓራለል ኬብል የሚሰካበት ላይ ሰክቼ፣ ከአርዱይኖ ወደዛ ገመድ ማውጣት ብቻ ነው። ሳጥኑ አሁንም ፓራለል ፖርት ላይ የተሰካ ይመስለዋል። ጂአርቢኤል ላይ ፒን 2፣ 3 እና 4 የኤክስ፣ የዋይና የዚ (ሁለቱ አግድም የሚሄዱት፣ ዚ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው) ስቴፕ ናቸው፣ 5፣ 6 እና 7 ደግሞ በዛው ቅደም ተከተል አቅጣጫ ናቸው፣ 8 ደግሞ ሞተሮቹን ማንቂያ ነው። በሳጥኑ በኩል የቱ ፒን የቱ እንደሆነ ከኤክስኤምኤሉ ፋይል ታወጣላችሁ፣ ከሰው ማሽን አትገልብጡ፣ ከሳጥን ሳጥን ይለያያል። ከ18 እስከ 25 ያሉት ግራውንድ ናቸው፣ የአርዱይኖው ግራውንድ ከነሱ ጋር ካልተገናኘ ምንም አይንቀሳቀስም። አንዳንዱ ቦርድ ሞተሮቹን ለማንቃት በሌላ ፒን ተጨማሪ ሲግናል ይጠብቃል፣ እሱም ፋይሉ ላይ ይገኛል። እያንዳንዱን ገመድ ፕላስተር ለጥፋችሁበት ቁጥሩን ጻፉ፣ እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በማርከር ይሁን።

አንድ ነገር በትልቁ ልንገራችሁ፣ ድራይቨሩ መብራት እያለው የሞተር ሶኬት እንዳትነቅሉ፣ እንዳትሰኩም። ድራይቨሩ በዛች ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። መብራቱን አጥፉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ የፓወር ሳፕላዩ ኮንደንሰር ይራገፍ፣ ከዛ ንኩ።

ፕሮግራሙን መጫኑ ቀላል ነው ግን ሁለት ቦታ ሰው ይቆማል። ገበያ ላይ ያለው አርዱይኖ አብዛኛው ሲኤች 340 የሚባል የዩኤስቢ ቺፕ ያለበት ስለሆነ ላፕቶፑ ድራይቨር ካልተጫነለት አያየውም። ሁለተኛ፣ የጂአርቢኤልን ዚፕ ፋይል እንዳለ ወደ አርዱይኖ ፕሮግራም ካስገባችሁት እምቢ ይላል፣ ዚፑን ፈትታችሁ ውስጡ ያለውን ጂአርቢኤል የሚለውን ፎልደር ብቻ ነው እንደ ላይብረሪ የምታስገቡት፣ ከዛ ምሳሌዎች ከሚለው ውስጥ የጂአርቢኤል አፕሎድ የሚለውን ከፍታችሁ መጫን። ሲያልቅ በ115200 ፍጥነት ስታገናኙት ስሙንና ቨርዥኑን ይጽፍላችኋል። ኔት እዚህ ሁሌ አይገኝም፣ ስለዚህ ባገኛችሁ ቀን ሁሉንም፣ ድራይቨሩንም፣ አርዱይኖ ፕሮግራሙንም፣ ትዕዛዝ መላኪያውን ዩኒቨርሳል ጂኮድ ሴንደርንም አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንቀሳቅሱ ራውተሩ ይነቀል፣ ቢት አይታሰርበት፣ ማሽኑንም በእጅ አዙራችሁ መሃል ላይ አድርጉት። በ$ የሚጀምሩት የጂአርቢኤል ሰቲንጎች ናቸው፣ ከላፕቶፑ $100=320 እየተባለ ይጻፋሉ። $100፣ $101 እና $102 ላይ 320ውን (ወይ የናንተን ቁጥር) ትጽፋላችሁ፣ $110፣ $111 እና $112 ላይ ከፍተኛ ፍጥነቱን መጀመሪያ በደቂቃ 500 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ $120፣ $121 እና $122 ላይ አክስለሬሽኑን ዝቅ አድርጋችሁ። ወደ ግራ ስትሉት ወደ ቀኝ ከሄደ ገመድ አትንቀሉ፣ $3 ላይ ይስተካከላል፣ ለኤክስ 1፣ ለዋይ 2፣ ለዚ 4፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ትደምሩታላችሁ። ከዛ ፍጥነቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሞተሩ ጮሆ ሲቆም ጣሪያው እዛ ነው፣ ከዛ ላይ ሲሶውን ቀንሱለት፣ እንጨት ሲቆርጥ ጉልበት ያስፈልገዋልና።

ልኬቱን ስታረጋግጡ አጭር ርቀት ላይ አትለኩ። 10 ሚሊ ሜትር ሄዶ በዓይን 10 ይመስላል። 300 ሚሊ ሜትር ላኩትና በብረት ማስመሪያ ለኩ። 300 ብላችሁት 298 ከሄደ የድሮውን ቁጥር በ300 አባዝታችሁ ለ298 አካፍሉ፣ አዲሱ ቁጥር እሱ ነው። የኔ ወዲያው ልክ መጣ፣ የሱቅ ስም ቀረጽኩበት፣ ጥርት ያለ ፊደል፣ በጣም ደስ አለኝና ለሰርጉ ባለቤት ደውዬ "አባቴ፣ አይዞዎት ይደርሳል" አልኳቸው።

ከዛ የራስጌውን አበባ ጀመርኩ። ይሄ ጠፍጣፋ ቆረጣ አይደለም፣ ቅጠሉ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ዚው ያለማቋረጥ የሚወጣ የሚወርድበት ሥራ ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቅጠሎቹ እየጠለቁ ሲሄዱ አየሁ። መጨረሻ ላይ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ወርዷል፣ ጣውላው ተበላሸ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ብረቱን ነው፣ የዚ ሞተሩን ኩፕሊንግ ብሎን አጠበኩ፣ ቢቱ ከራውተሩ አፍ እየተንሸራተተ ይሆናል ብዬ ኮሌቱን አጸዳሁ፣ ፍጥነት ቀነስኩ። ያው ነው። ዋንዛ ደግሞ እንደምታውቁት ርካሽ አይደለም፣ ስለዚህ በቁርጥራጭ ባህር ዛፍ ላይ ነበር የምሞክረው።

ነገሩን የፈታው ባህር ዳር ፖሊ ካምፓስ የተማረ ጓደኛዬ ነው፣ በስልክ። ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና "ፊደሉ ላይ ዚ ስንት ጊዜ ወጣ ወረደ? አበባው ላይስ?" ብሎ ጠየቀኝ። ፊደሉ ላይ ጥቂት፣ አበባው ላይ በመቶዎች። "በቃ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ስቴፕ እየሳተ ነው" አለኝ።

ሲያብራራልኝ እንዲህ ነው። ድራይቨሩ ውስጥ ሲግናሉ የሚያልፈው ኦፕቶካፕለር በሚባል ነገር ነው፣ ትንሽ መብራትና መብራቱን የሚያይ ዓይን በሉት። በአሮጌ ድራይቨሮች ላይ እሱ ዘገምተኛ ነው፣ በተለይ ሲጠፋ ከሚበራው የበለጠ ይዘገያል። ጂአርቢኤል የአቅጣጫውን ሲግናልና የስቴፑን ምት የሚልከው ከሞላ ጎደል እኩል ነው፣ ስለዚህ "አሁን ወደ ላይ" የሚለው መልእክት ድራይቨሩ ጋ ሳይደርስ የመጀመሪያው ምት ይደርሳል፣ ሞተሩም ያንን ምት ወደ ድሮው አቅጣጫ ይሄደዋል። ወደ አንዱ ወገን ሲዞር ብቻ ስለሚያጋጥም ስህተቱ አይጣፋም፣ ይጠራቀማል። አንድ ስቴፕ በ320 ሒሳብ 0.003 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ወደ ተቃራኒው ስለተሄደች ስህተቷ የሁለት ስቴፕ፣ 0.006 ገደማ ይሆናል፣ ማንም አያያትም፣ በ500 ምልልስ ግን 3 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። በማስመሪያ ስለካ ትክክል የሆነው፣ አበባ ስቀርጽ የተበላሸው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ቁጥር ነው። $2 የስቴፕን ምት ይገለብጣል፣ 7 ስትሉት ሦስቱንም ይገለብጣል። ሲገለበጥ ድራይቨሩ ምቱን የሚቆጥረው ሲጀምር መሆኑ ቀርቶ ሲያልቅ ይሆናል፣ የአቅጣጫው ሲግናል የምቱን ርዝመት ያህል ቀድሞ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። የምቱ ርዝመት $0 ላይ ነው፣ ሲመጣ 10 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ ለዘገምተኛ ድራይቨር ትንሽ ከፍ ይደረጋል። እንደ ድራይቨሩ አሠራር 0 ወይ 7 አንዱ ነው ልክ የሚሆነው፣ መገመት አያስፈልግም፣ ይፈተናል። ፈተናው ይሄ ነው፣ ቢት አስራችሁ ራውተሩን ሳታበሩ ጣውላ ላይ ወረቀት አድርጉ፣ ቢቱ ወረቀቱን ልክ ሲይዘው ዜሮ በሉ፣ ከዛ ዚን በአንድ ሚሊ ሜትር 500 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ፋይል ላኩ፣ ግን ከዜሮው 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይሥራ እንዳይወጋ፣ ሲጨርስ ወደ ዜሮ ይመለስ። ወረቀቱን እንደበፊቱ ከያዘው ደህና ነው፣ ክፍተት ካለ ወይ ጭራሽ ከወጋው $2ን ቀይሩና ድገሙ። ለኤክስና ለዋይም በማዕዘን ብረት ላይ አስደግፋችሁ እንደዛው። ማንኛውም ሰው ኮንትሮለር ከቀየረ በኋላ፣ ውድ እንጨት ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ ይሄን ፈተና እንዲያደርግ እለምናለሁ።

አሁን ወደ መብራት ልምጣ፣ ከሁሉም በላይ ይሄን ክፍል አንብቡልኝ። በድሮው አሠራር መብራት ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይሞታል፣ ዴስክቶፑም ሞተሩም ራውተሩም። በአዲሱ ግን ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ አርዱይኖው ደግሞ መብራቱን የሚያገኘው በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሞተሮቹና ራውተሩ ይቆማሉ፣ ላፕቶፑና አርዱይኖው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ስክሪኑ ላይ ቢቱ ይሄዳል፣ ማሽኑ ግን ቆሟል። እኔም መብራት ሄደ፣ ማሽኑ ጸጥ አለ፣ ሰጋቱራውን ልጥረግ ብዬ ብሩሽ ይዤ ጎንበስ ስል መብራቱ መጣ። ኧረግ! ራውተሩ ስዊቹ እንደበራ ስለነበር በሙሉ ኃይሉ ተነሳ፣ ሞተሮቹም ከቆሙበት ቦታ፣ ፋይሉ ከደረሰበት መስመር ተነስተው ጣውላውን በሰያፍ እየሰነጠቁት ሄዱ። እጄ ከቢቱ ትንሽ ነበር የራቀው። እግዚአብሔር አወጣኝ። እኛ አገር መብራት በቀን ውስጥ ሄዶ መምጣቱ የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ላፕቶፕና ጂአርቢኤል የምትጠቀሙ ሁሉ ይሄ አደጋ ቤታችሁ ውስጥ ተቀምጧል።

ያደረኩት ይሄን ነው፣ 220 ቮልቱን የሚያውቅ ኤሌክትሪሽያን ጠርቼ፣ እናንተም ካላወቃችሁ ራሳችሁ አትንኩ። ራውተሩና የሞተሮቹ ፓወር ሳፕላይ በአንድ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚያዝና የሚለቅ ትልቅ ስዊች) በኩል እንዲያልፉ አደረግን፣ ኮንታክተሩ በስታርትና በስቶፕ በተን የሚያዝ፣ ስታርት ሲጫን ራሱን ይዞ የሚቆይ። መብራት ሲሄድ ይለቃል፣ መብራት ሲመለስ ግን ማንም ስታርት ካልተጫነ አይያዝም። ሁለተኛ፣ ኮንታክተሩ ላይ ሲለቅ የሚገናኝ ተጨማሪ ኮንታክት አለ፣ ከሱ ሁለት ቀጭን ገመድ አውጥተን አንዱን አርዱይኖው ላይ ኤ0 የሚለው ፒን ላይ፣ ሌላውን ግራውንድ ላይ። ኤ0 የጂአርቢኤል ማቋረጫ ነው፣ ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ ሥራው ይቆማል፣ አላርም 3 ይጽፋል፣ ቦታዬን እርግጠኛ አይደለሁም ማለቱ ነው። አሁን መብራት ሲሄድ ማሽኑም ላፕቶፑም እኩል ይቆማሉ። እዚያው ላይ እንጉዳይ የሚመስለውን ቀይ የአደጋ ማቆሚያ በተን ከስቶፑ ጋር በተከታታይ አስገባንበት። ዋጋው ተደምሮ አንድ ጥሩ ጣውላ አይሞላም።

ሥራውን ለመቀጠል ደግሞ ሆሚንግ፣ ማሽኑ ጫፍ ላይ ያሉ ስዊቾችን ነክቶ ያለበትን ቦታ እንደገና የሚያውቅበት ዘዴ፣ ያስፈልጋል። ድሮ እነዚህ ሊሚት ስዊች የሚባሉት አልነበሩኝም፣ በእርሳስ ምልክት ነበር የምሠራው። አሁን በሦስቱም ጫፍ ስዊች አደረኩ፣ የኤክስ ፒን 9፣ የዋይ ፒን 10፣ የዚ ፒን 12 ላይ፣ $22ን (ሆሚንጉን) እና $21ን (ሊሚት ሲነካ የሚያቆመውን) 1 አደረኩ። መብራት ሲመለስ ሆም አስደርገዋለሁ፣ የሥራውን ዜሮ ጂአርቢኤል አርዱይኖው ውስጥ ስለሚያስቀምጠው መብራት ቢጠፋም አይረሳውም፣ ከዛ ከተቋረጠበት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ እቀጥላለሁ፣ ዩኒቨርሳል ጂኮድ ሴንደር ላይ ከዚህ መስመር ጀምር የሚል አለ። ስትቀጥሉ ግን ዚው ከጣውላው በላይ መሆኑን ሳታዩ ራውተር አታስነሱ።

ስዊቾቹ ሲገቡ ሌላ ጣጣ መጣ፣ ራውተሩ ሲነሳ ማንም ሳይነካው ሊሚት ተነካ እያለ መቆም። የራውተሩ ሞተር ብሩሽ ስላለው ብልጭታው ብዙ ሲግናል ይረብሻል፣ የስዊች ገመድ ደግሞ እንደ አንቴና ይቀበለዋል። ያስተካከለው አንድ ነገር ሳይሆን ድምሩ ነው። የስዊቹን ገመድ ከሞተርና ከራውተር ገመድ ለይቼ በሌላ በኩል አሳለፍኩ፣ ሽቦ የለበሰ ኬብል አደረኩና ልባሱን በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ ላይ አሰርኩ፣ በሁለቱም ጫፍ አይታሰርም። ፒኑ ላይ ከግራውንድ ጋር 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ ከ5 ቮልት ጋር ደግሞ ባለ ጥቂት ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨመርኩ፣ ኤ0 ላይም ጭምር፣ እሱም በከንቱ ይነሳ ነበርና። ስዊቾቹንም ሲነኩ የሚለቁ አይነት አድርጌ $5ን 1 አልኩት፣ እንደዛ ሲሆን ገመድ ቢበጠስ ማሽኑ ያውቃል። አርዱይኖውን ኧርዝ የታሰረ የላሜራ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ ከሰጋቱራም ያድነዋል። የቤታችሁ ሶኬት ኧርዝ እንዳለው አስፈትሹ፣ የብዙ ቤት ሶኬት ሦስት ቀዳዳ አለው እንጂ ኧርዙ የትም አልታሰረም።

ያንን ዴስክቶፕ የገደለውን ነገር ደግሞ አልረሳሁትም። ለላፕቶፑ ቻርጀርና ለፓወር ሳፕላዩ ለፍሪጅ የምንጠቀመውን ጋርድ አደረኩላቸው፣ መብራት ሲመለስ ወዲያው የማይለቀውን፣ ቮልቴጅ ከፍ ሲል የሚቆርጠውን። ራውተሩን ግን በሱ በኩል አታሳልፉ ጋርዱ የሚችለውን አምፔር ሳታዩ።

የአልጋው ራስጌ ከሰርጉ በፊት ደረሰ፣ አባትየው ራሳቸው በጋሪ አስጭነው ወሰዱት፣ "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። እኔም ከዛ በኋላ ሁለተኛ አርዱይኖ አስመጣሁ። ጂአርቢኤልን ጭኜበት፣ $$ ስትጽፉ የሚያወጣውን የሰቲንግ ዝርዝር በሙሉ ከመጀመሪያው ወደሱ ገልብጬ፣ ገመዶቹን እንደሚሰኩበት ቁጥር ጽፌበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ የመጀመሪያው ቢሞት ነቅሎ መሰካት ብቻ ነው። ዝርዝሩን ስልኬ ላይም፣ ፍላሽ ላይም፣ በወረቀትም አድርጌ የላሜራው ሳጥን ክዳን ውስጥ ለጥፌዋለሁ። የናንተ ማሽን ሌላ ዓይነት ከሆነና የፒኑ ነገር ግራ ካጋባችሁ የኤክስኤምኤሉን ፋይልና የሳጥኑን የውስጥ ፎቶ ይዛችሁ ጠይቁኝ፣ አብረን እናየዋለን።